ጋቢው ያልሸፈነው ድምፅ

ሦስት ሳምንት ሙሉ ስለ አንዲት ሴት ብቻ ነው የማወራው። ታክሲ ውስጥ ስለ እሷ፣ ቡና ላይ ስለ እሷ፣ ሥራ ቦታ ምሳ ላይ ስለ እሷ። ማታ ማታ የድሮ የሬዲዮ ድራማዎቿን በጆሮ ማዳመጫ እየሰማሁ ሳላውቀው ይነጋል። ስሟ መርሴዲስ ማክካምብሪጅ ነው። አሜሪካዊት ተዋናይት ናት፤ ከሞተች ሃያ ዓመት አልፏታል። ስሟን ሰምታችሁት የማታውቁ ከሆነ እኔም እስካለፈው ወር ድረስ አላውቀውም ነበር። ድምጿን ግን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ከእናንተም ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፣ የማን እንደሆነ ሳታውቁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳለሁ ጎረቤታችን ቤት የቪዲዮ ማጫወቻ ነበር። ታላላቆቹ ልጆች ከቪዲዮ ቤት ካሴት ተከራይተው ሲመጡ እኛ ትንንሾቹ ከሶፋው ጀርባ ተደርድረን እናያለን። አንድ ቅዳሜ ማታ የመጣው ካሴት «ዘ ኤክሶርሲስት» ነበር። እርኩስ መንፈስ የያዛት ልጅ፣ አልጋ ላይ የታሰረች፣ ሁለት ካህናት ጸሎት የሚያደርሱላት። ፊቷን እንዳላይ ዓይኔን ጨፈንኩ፤ እሱ አልበቃ ብሎኝ የቤቱን ጋቢ ከራሴ እስከ እግሬ ተከናነብኩ። ድምፁ ግን ገባ። ጋቢውን አልፎ፣ ጆሮዬ ላይ የጫንኩትን መዳፌን አልፎ ገባ። ሻካራ ነው፣ የወንድ ይሁን የሴት አይለይም፣ ሲተነፍስ እንኳ ደረት ውስጥ ብዙ ሰው የሚንፏቀቅ ይመስላል። ከዚያ በኋላ ለሳምንታት ከእናቴ ጎን ካልሆነ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። የልጅቷን ፊት በቅጡ አላየሁትም። ሲያባንነኝ የከረመው ድምፁ ነው።

ባለፈው ወር ያንን ፊልም እንደገና አየሁት። አሁን ትልቅ ሰው ነኝ ብዬ፣ መብራት አጥፍቼ፣ እስከ መጨረሻው። አልቆ የባለሙያዎቹ ስም ዝርዝር ሲያልፍ ቁጭ ብዬ አነበብኩ። ከተዋንያኑ መካከል አንድ ስም አስቆመኝ፤ መርሴዲስ ማክካምብሪጅ። ማን ሆና ነው የተጫወተችው? እናትየዋን አውቃታለሁ፣ ልጅቷን አውቃታለሁ፣ ካህናቱን አውቃቸዋለሁ። እሷን አንድም ቦታ አላየኋትም። ስሟን ፈልጌ ያገኘሁትን ሳነብ ከተቀመጥኩበት ተነሥቼ ቆምኩ። ያ ድምፅ ማሽን የሠራው አይደለም። ልጅቷን ሆና የተጫወተችው የትንሿ የሊንዳ ብሌርም አይደለም። የ57 ዓመት ሴት ጉሮሮ ነው! ከዚያ በፊት ኦስካር የተሸለመች ሴት፣ ቤተ ክርስቲያን የምትስም ካቶሊክ፣ ከመጠጥ ሱስ ጋር ታግላ የወጣች ሴት። ከዚያች ሌሊት ጀምሮ ሌላ ነገር መሥራት አልቻልኩም።

በአውሮፓውያን አቆጣጠር መጋቢት 16 ቀን 1916 ጆሊየት በምትባል የኢሊኖይ ከተማ ተወለደች። (ቀኑን ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ልቀጥል።) ወላጆቿ ከአየርላንድ ዘር የመጡ ካቶሊኮች ናቸው። አየርላንድን ልብ በሉልኝ፣ እመለስባታለሁ። ለትምህርት ወደ ቺካጎ ሄዳ መነኮሳት እህቶች የሚያስተምሩበት መንደላይን ኮሌጅ ገባች። እዚያ ግጥም በኅብረት የሚያነብ የተማሪዎች ጓድ ነበር። ዜማ የለውም፤ ንባብ ነው፣ እንደ መዘምራን ተሰልፎ በአንድ ትንፋሽ። ኤንቢሲ የተባለው የሬዲዮ ድርጅት ያንን ጓድ ሰምቶ ከመካከሉ የእሷን ድምፅ ለየ። ገና ተማሪ ሳለች አስፈረማት። ይህን ሳነብ ለረጅም ጊዜ አሰብኩበት። ብዙ ልጃገረዶች በአንድነት ሲያነቡ አንዷን የሚያስለያት ምንድን ነው? መልኳ አይደለም፤ ሬዲዮ ላይ መልክ የለም። ያ ጎርነን ያለ፣ ጫፉ ላይ ትንሽ የሚሻክር ነገር ያኔውኑ ነበረ ማለት ነው።

በ1930ዎቹ ቺካጎ የሬዲዮ ድራማ ከተማ ነበረች። የሬዲዮ ድራማ እየሰማ ያደገ ሰው የምለው ይገባዋል፤ በር ሲንኳኳ፣ እግር ሲሰማ፣ አንዲት ሴት ሳግ ሲይዛት፣ ቤቱን ሁሉ አንተው በጭንቅላትህ ትሠራዋለህ። በዚያ ዘመን ደግሞ አስቀድሞ ተቀርጾ የሚተላለፍ ድራማ ብርቅ ነበር፤ ስርጭቱ በአብዛኛው ቀጥታ ነው። ተዋንያኑ ጽሑፋቸውን ይዘው አንድ ማይክሮፎን ይከባሉ። ወረቀት ሲገለበጥ ድምፅ ማሰማት የለበትም። ሹክሹክታ ከሆነ ከንፈርህ ማይክሮፎኑን ሊነካ ይቀርባል። ጩኸት ከሆነ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ትላለህ ወይም ፊትህን ወደ ጎን ታዞራለህ፤ አለዚያ የሰሚው ሬዲዮ ይሰነጠቃል። ርቆ የሚሄድ ሰው ስትሆን ራስህ ከማይክሮፎኑ እየራቅህ ትናገራለህ። ክፍሉ፣ መንገዱ፣ ጨለማው ሁሉ በዚያች በስንዝር በምትለካ ርቀት ውስጥ ነው። መርሴዲስ በዚህ ትምህርት ቤት ነው የበሰለችው። ሌሊት እየጠበቀ የአሜሪካንን ሕዝብ ያስፈራ በነበረው «ላይትስ አውት» በተባለው ድራማ ተጫውታለች። ጠንቋይ ሆናለች፣ ባልቴት ሆናለች፣ ነፍሰ ገዳይ ሆናለች። ከኦርሰን ዌልስ ጋር ሠርታለች፤ እሱም በሕይወት ካሉት የሬዲዮ ተዋናዮች በዓለም ታላቋ ብሎ መስክሮላታል። ዌልስ ማለት በ1938 በአንድ የሬዲዮ ድራማ አሜሪካኖችን ከማርስ ወራሪ መጣብን ያሰኘ ሰው ነው። ስለ ሬዲዮ የሱን ምስክርነት የሚበልጥ ከየት ይመጣል?

ከዚያ ፊልም መጣ። ስለ መጀመሪያው ፊልሟ ሳወራ ድምፄን መቆጣጠር ያቅተኛል። በ1949 የወጣው «ኦል ዘ ኪንግስ ሜን» ነው፤ አዘጋጁ ሮበርት ሮሰን። ዊሊ ስታርክ የተባለ የገጠር ሰው እንዴት ሥልጣን ላይ ወጥቶ ሥልጣን እንደበላው የሚተርክ ነው። እሷ ሴዲ በርክ ናት፤ በፖለቲካው ጓዳ የምትሠራ፣ ሰውየውን የምትወደው፣ ማን እንደሆነም ከሁሉ በላይ የምታውቅ ሴት። አንድ ትዕይንት አለ፤ አምስት ጊዜ ደጋግሜ አይቸዋለሁ። ዊሊ ለምርጫ ሲወዳደር ማሸነፍ የሚችል መስሎት ሌት ተቀን ንግግሩን ያጠናል። እውነቱ ግን የገበሬውን ድምፅ እንዲከፋፍል ብቻ በሌሎች የተላከ ሰው ነው። ይህን ክፍሉ ውስጥ ያለ ሁሉ ያውቃል፣ ከሱ በቀር። የምታፈርጠው ሴዲ ናት። ስትነግረው ቃሏ ስድብ ነው፣ ድምጿ ግን ውስጡ እንባ አለበት። ትስቃለች፤ ሳቁ መሐል ላይ ይነጥፍና ወደ ሌላ ነገር ይለወጣል። ካሜራው ፊት የመጀመሪያዋ ሥራ ነው! ሰው የመጀመሪያ ቀን ሥራው ላይ ይንቀጠቀጣል፤ እሷ ክፍሉን ይዛው ነው የምትገባ። ፊልሙ የዓመቱ ምርጥ ፊልም ተብሎ ኦስካር ሲያገኝ እሷም በረዳት ተዋናይት ዘርፍ ተሸለመች። በመጀመሪያ ፊልሟ።

«ጆኒ ጊታር»ንም ፈልጋችሁ እዩልኝ፤ የ1954 ፊልም ነው፣ አዘጋጁ ኒኮላስ ሬይ። የካውቦይ ፊልም ነው እንዳትሉ፤ የሚፋለሙት ሁለት ሴቶች ናቸው። ባለ መጠጥ ቤቷ ጆአን ክሮፎርድ ናት፣ በጥላቻ የነደደችው ኤማ ደግሞ መርሴዲስ። ኤማ ጥቁር የሐዘን ልብስ እንደለበሰች የታጠቁ ወንዶችን እየነዳች ትመጣለች። የጠላቷ ቤት ውስጥ ትገባና ጣሪያው ላይ የተንጠለጠለውን ባለ መብራት ቄንጠኛ ነገር በጥይት ትጥለዋለች። ቤቱ ይያያዛል። እሷ ከእሳቱ ወደ ኋላ እየተራመደች ትወጣና ፊቷን ወደ እኛ ትመልሳለች። እዚህ ጋ አንድም ቃል የላትም። ፊቷ ላይ ያለው ደስታ ግን ሰውነት ያቀዘቅዛል፤ ለሠርግ የተጠራች ትመስላለች። ሲቀርጹ አንድ ትዕይንቷን ስትጨርስ ሠራተኞቹ አጨበጨቡላት፣ ክሮፎርድም በዚህ ተናድዳ የመርሴዲስን ልብሶች አውጥታ መንገድ ላይ በተነችው እየተባለ እስከ ዛሬ ይወራል።

በ1956 በወጣው «ጃያንት» ውስጥ የሮክ ሃድሰን እህት ሉዝ ናት። የቴክሳስ ባለ ርስት፣ ወንድሟ አዲስ ሚስት ይዞ ሲመጣ የቤቱን ቁልፍ ላለመልቀቅ የምትሞት። በእርግጥም ቶሎ ትሞታለች፤ ፊልሙ ከሦስት ሰዓት በላይ ነው፣ እሷ የምትታየው ግን ለጥቂት ጊዜ ነው። ለዚያች ጥቂት ጊዜ እንደገና ለኦስካር ታጨች። ከሁለት ዓመት በኋላ ዌልስ «ተች ኦፍ ኢቭል»ን ሲሠራ ስልክ ደውሎ ጠራት፤ ሄደች። ጸጉሯን በራሱ እጅ ቆርጦ፣ ጥቁር የጫማ ቀለም ቀብቶ፣ የቆዳ ጃኬት አልብሶ ከዱርዬዎች ጋር አንዲት የሆቴል ክፍል አስገባት። ስሟ ሳይጻፍ፣ ለደቂቃ ያህል። ያቺን ደቂቃ አይታችሁ እስቲ ርሷት!

ይህን ሁሉ እየሠራች ግን በውስጧ ሌላ ነገር እየበላት ነበር። ሁለት ትዳር ፈረሰ፤ መጠጥ ነገሠባት። ለዓመታት ጠጣች፣ ሆስፒታል ገብታ ወጣች፣ እንደገና ወደቀች፣ ተነሣች። ከዚያ በ1969 አንድ ነገር አደረገች፤ ለእኔ ከኦስካሩ የሚበልጥብኝ ይህ ነው። የአሜሪካ ሴኔት ስለ አልኮል ሱስ የሚያጣራ ንዑስ ኮሚቴ ነበረው፤ ሰብሳቢው ሃሮልድ ሂዩዝ ራሱ ከመጠጥ የወጣ ሰው ነው። እሷ ኮሚቴው ፊት ቀረበችና በስሟ፣ በአደባባይ፣ ሱሰኛ ነበርኩ ብላ መሰከረች። በዚያ ዘመን የታወቀ ሰው፣ ያውም ሴት፣ ይህን አትናገርም። ስም የምግብ ያህል በሆነበት ሙያ ውስጥ ሆና ተናገረችው። ሱስ በሽታ መሆኑን፣ የታመመ ሰው ሐኪም እንጂ ስድብ እንደማያስፈልገው ተከራከረች። ወሬ ብቻ ሆኖም አልቀረም፤ በ1970ዎቹ አጋማሽ ፔንሲልቫኒያ ውስጥ ሊቨንግሪን የተባለውን የሱሰኞች ማገገሚያ ማገልገል ጀምራ በኋላ እስከ መምራት ደረሰች።

ይህን ያነሣሁት ለምን እንደሆነ አሁን ይገባችኋል።

1973። የ«ዘ ኤክሶርሲስት» አዘጋጅ ዊልያም ፍሪድኪን ፊልሙን ቀርጿል፣ የጎደለው ድምፅ ነው። መጀመሪያ የልጅቷን ድምፅ በመሣሪያ እያጎረነኑ ሞከሩት፤ አልሆነም። ልጅ በመሣሪያ ስትጎረንን የልጅ ድምፅ በመሣሪያ የጎረነነ ነው የሚመስለው። የፈለገው ወንድም ሴትም ያልሆነ፣ ዕድሜ የሌለው ድምፅ ነበር። ያኔ በልጅነቱ ሬዲዮ ላይ የሰማት አንዲት ሴት ትዝ አለችው። አያችሁ፣ እሱንም የያዘው ጆሮው ነው። ፈልጎ አገኛት።

እሷ ስቱዲዮ ስትገባ ያደረገችውን ራሷም ተናግራዋለች፣ ፍሪድኪንም ዕድሜ ልኩን ሲያወራው ኖሯል። ሲጋራ ላይ ሲጋራ እያቀጣጠለች ጉሮሮዋን አሻከረችው። ጥሬ እንቁላል ዋጠች፤ ፊልሙ ውስጥ ላለው የትውከት ድምፅ ከተላቀጠ ፖም ጋር አፏ ውስጥ ሞልታ። ከዚያ ደግሞ ውስኪ። ከመጠጥ የወጣች ሴት ናት! ሴኔት ፊት ቆማ የመሰከረች! ውስኪ ድምጿን ምን እንደሚያደርገው ከማንም በላይ የምታውቀው እሷ ናት፤ ምን ሊያደርጋት እንደሚችልም እንዲሁ። ፍሪድኪን እንደሚለው የምትቀርባቸው ካህናት አጠገቧ እንዲሆኑ ጠየቀች። ካህናቱ አጠገቧ ተቀምጠው እሷ የሰይጣንን ቃል ተናገረች። ይህ ትክክል ነበር ወይ ብላችሁ ብትጠይቁኝ ልቤ ሁለት ይሆናል። አንድ ሰው ለሥራው ነፍሱን እስከዚህ ድረስ እንዲያስይዝ መፍቀድ አልነበረባቸውም እላለሁ። መልሼ ደግሞ ያን ድምፅ እሰማና እጄን በአፌ እጭናለሁ።

እሱም አልበቃት። ልጅቷ ውስጥ ያለው መንፈስ የታሰረ ነው፣ ስለዚህ እኔም ልታሰር አለች። አንሶላ ተቀድዶ አንገቷን፣ ክንዶቿን፣ የእጅ አንጓዋን፣ እግሮቿን ከወንበር ጋር አሰሯት። ይህን ካነበብኩ በኋላ የወጥ ቤቱ ወንበር ላይ ተቀምጬ እጆቼን ከኋላ ቆልፌ፣ ትከሻዬን ከመደገፊያው አጣብቄ ጮክ ብዬ ለመናገር ሞከርኩ። እናንተም ሞክሩት። ትከሻ መነሣት ሲያቅተው ትንፋሽ ከሆድ ይጎተታል፤ ቃሉ ከጉሮሮ ሳይሆን ከወገብ ተገፍቶ የሚወጣ ይሆናል። ፊልሙ ላይ የምንሰማው ይኸው ነው፤ ከታች ተገፍቶ የሚወጣ፣ መውጫ የጠበበው ነገር። ሬዲዮ ላይ ከማይክሮፎን አንድ እርምጃ መራቅ ምን እንደሚሠራ የተማረች ሴት ሰውነቷን ጠፍራ ማሰር ምን እንደሚሠራ ታውቃለች።

አሁን ትንፋሹን ስሙልኝ። ፊልሙን ስታዩት ልጅቷ ምንም የማትናገርበት ጊዜ አለ፤ ጨለማ ክፍል ነው፣ ካህኑ ቆሟል፣ የሚሰማው ትንፋሽ ብቻ ነው። በጆሮ ማዳመጫ፣ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ስሙት። መጀመሪያ ከላይ ፉጨት የመሰለ ቀጭን ድምፅ አለ። ከሥሩ ሌላ አለ፣ ውሃ ውስጥ እንደሚንተከተክ። ከሱም ሥር አንድ ሌላ፣ የአሮጌ በር ማጠፊያ የመሰለ። ሦስቱም ከአንድ ደረት በአንድ ጊዜ። እሷ ከልጅነቷ ጀምሮ ብሮንካይት የማይለቃት ሰው ነበረች። ዕድሜዋን ሙሉ ስታፍነው፣ ማይክሮፎን ፊት እንዳይሰማባት ስትጠነቀቀው የኖረችውን ያንን የታመመ ደረት ነው አውጥታ የሰጠችን። ቤታችሁ ውስጥ አስም ያለበት ሰው ካለ ክረምት ሲገባ ሌሊት የሚሰማውን ታውቃላችሁ። እሱ ነው። ሲያስፈራኝ የኖረው የአንዲት ሴት ሕመም ነው!

ደግሞ ጩኸቱ። ራሷ እንደተናገረችው አንዳንዱን ጩኸት ያመጣችው በሬዲዮ ዘመኗ ጠንቋይ ስትሆን ከምታሰማው ነው። መጨረሻ ላይ፣ መንፈሱ ከመውጣቱ በፊት የሚሰማውን ዋይታ ግን ከሌላ ቦታ ነው ያመጣችው። አየርላንድ ውስጥ ለቅሶ ቤት ከሰማችው። አየርላንዶችም እንደኛው ሙሾ አላቸው፤ በድሮ ጊዜ ለሞተ ሰው እየተጠሩ ግጥም ደርድረው የሚያስለቅሱ ሴቶች ነበሯቸው። እናንተ አልቃሽ የሰማችሁ ሰዎች፣ ድምፁ ከቃል አልፎ ሲሄድ፣ ከዚያ ቃሉ ጠፍቶ ዜማው ብቻ ሲቀር ታውቁታላችሁ። ያንን ነው ሰይጣን አፍ ውስጥ የጨመረችው። ይህን ያነበብኩ ሌሊት ተነሥቼ ቤት ውስጥ ተመላለስኩ። ሰይጣን ሲለቅ ይጮኻል፣ ይሳደባል፣ ይፎክራል ብሎ ማሰብ ለማንም ቀላል ነው። እሷ አስለቀሰችው።

ፊልሙ ታኅሣሥ 26 ቀን 1973 ወጣ። እሷም ልታየው ሄደች። አዘጋጁ ስምሽ ለብቻው ይጻፋል ብሎኝ ነበር ትላለች። ስሟ አልነበረም። ከመጀመሪያው ሰው እስከ መጨረሻው ተዘርዝሮ እሷ የለችም። እያለቀሰች ከሲኒማ ቤቱ ወጣች። ፍሪድኪን በበኩሉ ስሜ አይጻፍ ያለችው ራሷ ናት ብሎ ተከራክሯል፤ እኔ ግን ልቤ ያለው እያለቀሰች ከወጣችው ጋር ነው። ዝም አላለችም፤ ለጋዜጣ ተናገረች፣ የተዋንያኑም ማኅበር አብሯት ቆመ፣ ቀጥሎ በታተሙት ቅጂዎች ላይ ስሟ ገባ። እኔ ባለፈው ወር ጨለማ ውስጥ ተቀምጬ ያነበብኩት ስም፣ ይህን ሁሉ ታሪክ የከፈተልኝ ያ አንድ መስመር፣ እሷ በእንባና በክርክር ያስገባችው ነው። ሊንዳ ብሌር በዚህ ፊልም ለኦስካር ታጭታ ነበር፤ ድምፁ የሌላ ሰው መሆኑ ሲታወቅ ብዙ ወሬ ተነሣ። ልጅቷ ምንም ጥፋት የለባትም፤ በዚያ ዕድሜ ያን ሁሉ የቻለች ልጅ ናት፣ እሷንም አደንቃለሁ። ፊልሙ በድምፅ ዘርፍ ኦስካር ወሰደ። በድምፅ!

ከዚያ በኋላ ያለውን ሕይወቷን ሳነብ ልቤ ተሰበረ። በ1987 አንድ ልጇ ሚስቱንና ሁለት ሴት ልጆቹን ገድሎ ራሱን አጠፋ። ከዚህ በላይ አልጽፍም፤ እናት ለሆነ ሰው ከዚህ በላይ መጻፍ አያስፈልገውም። የምጽፈው ይህ ነው፦ ከዚያ ሁሉ በኋላ ወደ መድረክ ተመለሰች። በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ ሰባዎቹን አጋምሳ፣ የኒል ሳይመንን «ሎስት ኢን ዮንከርስ» ስትጫወት ነበር። ገጸ ባሕሪዋ ልጆቿን እንዳያለቅሱ አድርጋ ያሳደገች፣ ፍቅሯን ማሳየት የማትችል አያት ናት። በየማታው፣ ያንን ሐዘን በሆዷ ይዛ። እንዴት እንደቻለችው አላውቅም። መጋቢት 2 ቀን 2004 ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ ላ ሆያ በምትባል የባሕር ዳርቻ ሰፈር አረፈች። 88ኛ ዓመቷን ልትደፍን ሁለት ሳምንት ነው የቀራት።

ሆሊውድ በዝነኞች ስም ባጌጠው የእግር መንገዱ ላይ ሁለት ኮከብ ሰጥቷታል፤ አንዱ ለፊልም፣ አንዱ ለቴሌቪዥን። ለሬዲዮ የሰጣት የለም። ዌልስ የመሰከረላትን ሙያ፣ ያን ድምፅ የሠራላትን ሙያ ረስተውታል። ይህ ያንገበግበኛል።

ስለዚህ እለምናችኋለሁ፤ አንድ ማታ ጊዜ ስጧት። ከ«ኦል ዘ ኪንግስ ሜን» ጀምሩ፣ ፊቷን እወቁት፣ ያን ጠንካራ አገጭና የማይሸሹ ዓይኖች ያሉትን ፊት። ከዚያ «ጆኒ ጊታር»። ከዚያ ልባችሁ ከቻለ «ዘ ኤክሶርሲስት»ን፣ ፊቷን እያሰባችሁ ስሙት። እኔ አሁን ስሰማው ልጅቷን አላይም። ወንበር ላይ የታሰረች ሴት አያለሁ፣ አጠገቧ ካህን ተቀምጦ፣ ደረቷ ትንፋሽ እየነፈጋት፣ ከንፈሯ ማይክሮፎኑ ጋ።

ያለፈው እሑድ ጠዋት እናቴ ቤት ነበርኩ። እናቴ የጎጃም ሰው ናት፤ አያቷ በአካባቢያቸው የታወቁ አልቃሽ ነበሩ፣ ሙሿቸውን እስካሁን በቃሏ ትይዘዋለች። ፊልሙን አይታው አታውቅም፣ ስሙንም ሰምታው አታውቅም። እሷ ቡና እየቆላች እኔ ስልኬ ላይ የመጨረሻውን ዋይታ ከፈትኩት፣ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ገልብጬ፣ ምስሉ እንዳይታይ። ሃያ ሰከንድ ብትሆን ነው። እናቴ ብረት ምጣዱን ከምድጃው ላይ አነሣች። ጆሮዋን ወደ ስልኩ አዘነበለች። እንደገና ክፈችው አለችኝ፤ ከፈትኩት። ሁለተኛ ስትሰማው ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ አስተካከለች፣ ለቅሶ ቤት ስትገባ እንደምታደርገው።

«ውይ፣ ምስኪን» አለች። «ማን ሞቶባት ነው?»